ከመበጠሱ በፊት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሆድ የከፈትሁ ሰው ነኝ፤
ከወረባቦ በቃሬዛ፣ ከደላንታ በበቅሎ፣ በሌሊት የመጣልኝ፤
የተጠማዘዘ አንጀት፣ እንደ ከበሮ የተነፋ፣
በጣቴ ዳብሼ የፈታሁ፣ መብራቱ በመሃል ሲጠፋ።
ጣቴ ያውቃል። እኔ ሳላውቅ እሱ ያውቃል፤
የሞተውን ካልሞተው፣ የሚድነውን ከሚቆረጠው ይለያል።
ነርሶቹ «ዓይኑን ጨፍኖ ይሰፋል» ሲሉኝ በየመንደር፣
ሐሰት ነው፤ ግን ደስ ስለሚል ዝም ብዬ እሰማ ነበር።

ዘንድሮ ሳጥን መጣ።
በሐረጎ ጠመዝማዛ፣ ሸራ ለብሶ፣ በአይሱዙ ተጭኖ ወጣ።
ጉም ከጦሳ ወርዶ ደሴን በዋጠበት ጠዋት
ስምንት ሰዎች «ቀስ! ቀስ!» እያሉ እንደ አራስ ተሸከሙት።
ሮቦት ነው። መለማመጃ ነው፤ ሕመምተኛ አይነካም ገና፤
ክንዶቹ ሥር የሚተኛው ከሰኞ ገበያ የመጣ የበግ አንጀት ነውና።
ወንበሩ ከክንዶቹ ይርቃል። ግንባርህን መነጽሩ ላይ ትደፋለህ፣
ጣቶችህን ቀለበት ውስጥ ከትተህ
እዚህ ትጨብጣለህ፣ እዚያ ትይዛለህ።

አስተማሪዬ ጦይባ ናት።
ተማሪዬ ነበረች።
መጀመሪያ ስትሰፋ እጇ ሲንቀጠቀጥ ክርኗን የደገፍሁ እኔ ነኝ፤
አሁን «ዶክተር፣ ወገብዎን ቀና!» ትለኛለች፤ ቀና እላለሁ፤ ምን አማራጭ አለኝ!

አንደኛ ክር። ሳብሁ። ተበጠሰ።
ሁለተኛ። በዝግታ ሳብሁ፤ አንጀቱ ተሰነጠቀ፤ ፈርሱ ፈሰሰ።
ሦስተኛ። አራተኛ። ስድስተኛው ሲበጠስ
ሬዚደንቶቹ ከኋላዬ በአክብሮት ሳሉ፣ ሳቃቸው እኔ ጋ እንዳይደርስ።
«ጣቴ ምንም አይነግረኝም» አልኋት፤ «ደንዝዟል፣ እንደሚነቀል ጥርስ።
ይጠብቅ ይላላ በምን ልወቅ? በምንስ ልዳስስ?»

በርጩማ ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እናቴ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች።
የመሸመኛው ጩኸት ጆሮዋን ወስዶት ዛሬም ስታወራ ትጮኻለች።
ድምፅ አትሰማም። ክሩን አትነካም፤ መኪናው ጣት ይበላል።
ግን ስድስት መኪና ብቻዋን ትጠብቅ ነበር።
ምሳ ሳደርስላት ጠየቅኋት፦ የትኛው ሊበጠስ እንደሆነ በምን ይታወቃል?
‹ክር ከመበጠሱ በፊት ይነጣል› አለችኝ፣ እየጮኸች። ‹ትንሽ ይነጣል።
ጠጉሩ ይቆማል። የሚያየው ካገኘ ክር ይናገራል።›»

ምንም አልመለስሁም።
ሠላሳ ዓመት ክር ስስብ ሲነጣ አላየሁም፤
ጣቴ ቀድሞ ስለሚነግረኝ ዓይኔን ጠይቄው አላውቅም።

ሰባተኛ ክር።
በመነጽሩ ውስጥ እንደ ጭነት ገመድ ወፍሮ ይታያል።
ሳብሁ፤ ዝም ብሎ ይሳባል።
ሳብሁ።
ከቋጠሮው ሥር አንዲት ሽበት የምታህል ንጣት ብቅ አለች።
ቆምሁ።
የአንጀቱ ከንፈር ገጠመ።
ጦይባ አላጨበጨበችም። «ስምንተኛ» አለች።

ስምንተኛው ላይ መብራት ሄደ።
ክንዶቹ አየር ላይ እንደተዘረጉ ደረቁ፣
የበጉ አንጀት ጨለማ ውስጥ ቀረ፣ ሬዚደንቶቹም አሁን ደፍረው ሳቁ፤
እኔም ሳቅሁ፣ ጣቶቼ ቀለበቱ ውስጥ እንዳሉ፣
የማን እንደሆኑ ሳያውቁ።

የዚያን ዕለት ሌሊት ከኩታበር አንድ ገበሬ መጣ፤
ሦስት ቀን ሆዱ ነፍቶ፣ ልጁን ተደግፎ ደረጃውን ወጣ።
ለዚህኛው ሮቦት የለም። በእጄ ከፈትሁ፣ እንደ ጥንቱ።
ጠማማውን ፈታሁ፣ የጠቆረውን ቆረጥሁ፤
ሁለቱን ጫፍ ሳገናኝ፣ ክሩን ስስብ፣
ጣቴ «በቃ» አለኝ።
ዓይኔ «ገና ነው» አለኝ።
ክሩ አልነጣም ነበር።

ገበሬው በስምንተኛው ቀን በእግሩ ሄደ።
የትኛውን እንደሰማሁ
ጦይባ ጠይቃኝ ነበር። አልነገርኋትም።